ስለ ኤፍሬምና ስለ በጉ

በፋሲካ ሰሞን ከመገናኛ ተነሥቶ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው በጎች በመንገድ ዳር ቆመው ሲሸጡ ያያል። የተገዛው በግ እስከ በዓሉ ድረስ በግቢ ውስጥ፥ ቤቱ ኮንዶሚኒየም የሆነ እንደ ሆነም ከደረጃው ሥር ታስሮ ይሰነብታል። በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀኖች ሣርና ውኃ የሚያቀርብለት አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው።

አንድ ዓመት የጎረቤቴ ልጅ ለበጉ ስም አውጥቶለት፥ አንገቱን እያሻሸ በትምህርት ቤት የዋለበትን ሁሉ ሲነግረው ሰማሁ። በበዓሉ ሌሊት ልጁ ከአልጋ ሥር ተደብቆ ሲያለቅስ ተገኘ። አባቱም «በግ እኮ ነው! ምን ያስለቅስሃል?» አለው። አባቱ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ የልጁም እንባ ከንቱ አልነበረም። እኔ ግን ሁለቱን የሚያስታርቅ ቃል አጣሁ።

ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ አጥብቆ የተመለከተ አንድ የኢትዮጵያ ፊልም አለ። ስሙ «ላምብ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የበግ ግልገል ማለት ነው። ያዘጋጀው የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነው ያሬድ ዘለቀ ነው። በ2007 ዓ.ም. በግንቦት ወር በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም ፌስቲቫል «አን ሰርተን ርጋር» በተባለው ክፍል ታየ፤ ወደዚያ ፌስቲቫል በይፋ ተመርጦ በመግባትም ከኢትዮጵያ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆነ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤፍሬም የ9 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አገሩንም ድርቅ መትቶታል። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን በሩቅ ተራራማ አገር ከሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ ይተወዋል። ከልጁ ጋር የሚቀረው ጩኒ የተባለው በጉ ብቻ ነው። አጎቱ ሰሎሞን፥ ልጁ ለእርሻ ሥራ እንደማይሆንና ወጥ ቤት መዋል እንደሚወድ ባየ ጊዜ ይቈጣል፤ በጉም ለመጪው በዓል እንዲታረድ ይወስናል። ኤፍሬም ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሳምቡሳ ሠርቶ በገበያ ይሸጣል፤ በጉን አድኖ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ፊልም ዋጋ ለማወቅ ከሌሎች ጋር አስተያየው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1943 በአሜሪካ አገር ስለ ላሲ የተሠራውን ፊልም እንውሰድ። አንድ ድኻ ቤተ ሰብ ውሻውን ላሲን ለባለጸጋ መስፍን ይሸጣታል፤ እርስዋም ከስኮትላንድ አምልጣ ያን ሁሉ መንገድ ተጕዛ ወደ ልጁ ትመለሳለች። የእኛ ሰው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል፤ ላሲ ግን ከምትጠግብበት ቤት ሸሽታ ወደ ተራቡት መሄድዋ ተመልካችን ያስደንቃል። ዳሩ ግን ልብ አድርገህ ብትመለከት፥ በዚህ ወዳጅነት ድካሙን ሁሉ የተሸከመችው ውሻይቱ ናት፤ ልጁ ከማዘንና ከመጠበቅ በቀር የከፈለው ብዙ አይደለም። ላሲን ሆኖ የታየውም ፓል የተባለ የሠለጠነ ወንድ ውሻ ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ ተዋናይ ሁሉ ሌላ ሰው መስሎ ይታያልና። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፊልም እንስሳ እኛን ሊያገለግል እንደ ተፈጠረ ብቻ አድርጎ ያሳምነናል።

በ1952 በጣልያን አገር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ያወጣው «ኡምበርቶ ዲ» ግን ሌላ መንገድ ይሄዳል። የጡረታ ገንዘቡ ለቤት ኪራይ የማይበቃው አንድ ሽማግሌ ፍላይክ ከተባለ ውሻው በቀር ወዳጅ የለውም። ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ውሻውን ታቅፎ ከባቡር ፊት ለመሞት ይቆማል። ውሻው ደንግጦ ከእጁ ያመልጥና ይሸሻል። ከዚህም በኋላ አላምነው ብሎ ይርቀዋል። ሽማግሌው የጥድ ፍሬ ከመሬት አንሥቶ እያጫወተ፥ እየለመነ ያባብለዋል። እዚህ ላይ ይቅርታ የሚለምነው ሰው ነው፤ የሚለመነውም ውሻ።

ያሬድ ዘለቀም የተከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ጩኒ እንደ ሰው አይናገርም፤ ከጠላትም አያድንም፤ እንደ በግነቱ ሣር ይግጣል። የሚደክመው፥ የሚያስበው፥ የሚደብቀው ኤፍሬም ነው። ረድኤት አማረ የተባለው ልጅ ይህን ሲጫወት ብዙ አይናገርም፤ ነገሩን በዓይኑ ብቻ ያስታውቃል። በእኔ አስተያየት በፊልም ውስጥ የሰውና የእንስሳ ወዳጅነት የሚመዘነው እንስሳው ለሰው በሠራው ጀብዱ አይደለም፤ ብድሩን ለመመለስ ለማይችለው ፍጡር ሰው በከፈለው ነው።

ደግሞም ፊልሙ አጎቱን እንደ ክፉ ሰው አድርጎ አልሳለውም። ሰሎሞን የሚመግበው ቤተ ሰብ አለው፤ በዓልም በዓል ነው። በግ ማረድ ኃጢአት ነው ብሎ የሚሰብክ ፊልም ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቴ አባባል ይልቅ ባልረባ ነበር።

ነገር ግን እንከን የለውም አልልም። ጆሴ ዴሼ የተባለችው ባለ ካሜራ ተራራውንና አረንጓዴውን መስክ እጅግ አሳምራ አንሥታዋለች፤ ከማማሩም የተነሣ ችግሩን የምንሰማውን ያኽል አናየውም። ተራራውን እያደነቅን የተራበውን ልጅ ለጥቂት ጊዜ እንረሳዋለን። የፊልሙን መጨረሻ ግን ልታየው ይገባልና አልነግርህም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍሬምን ያስጨነቀው የአባቱ መሄድ ነው፤ አባቱም የሄደው ወደዚህችው ወደ እኛ ከተማ ነው። በሰሚትና በአያት በኩል ብትሄድ ሕንፃ ሲሠራ፥ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞችም ሲሚንቶና ብሎኬት ሲሸከሙ ታያለህ። ከእነርሱ መካከል ልጁን ከዘመድ ዘንድ ትቶ የመጣ አይጠፋም። ስለ ጩኒ አልቅሰህ ስትወጣ በዚህ ሰው አጠገብ ሰላምታ ሳትሰጥ ብታልፍ፥ ፊልሙ አላስተማረህም ማለት ነው።

ጎረቤቴ «በግ እኮ ነው» ያለው እውነት ነው። ኤፍሬምም በግ መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም ያበላውን፥ ያቀፈውንና ስም ያወጣለትን ፍጡር እንደ ዕቃ ሊቈጥረው አልቻለም። ይህን በልጅነቱ የተማረ ሰው፥ ባደገ ጊዜ መብቴ ብሎ ሊጠይቀው ለማይችለው ደካማ ሁሉ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ በሚመጣው በዓል ታናሽ ወንድምህ ለበጉ ቢያለቅስ አትሣቅበት። በጉ ይታረድ ይሆናል፤ አንተ ግን ከልጁ አጠገብ ተቀመጥና ምን ብሎ ስም እንዳወጣለት ጠይቀው።