ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

የቋንቋ ሞዴል የጻፈውን የኤፒአይ ጥሪ ሊመዝን የተቀመጠ ፕሮግራመር ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ቅርጹ ላይ ነው፤ ቅንፉ ተዘግቷል? የፓራሜትሮቹ ስም ልክ ነው? ሰርቨሩ ተቀበለው? እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነበር። በዚያ ዓመት የበርክሌይ ተመራማሪዎች ጎሪላ የተባለውን ሞዴል ይዘው ሲቀርቡ፣ ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ ሞዴሎች ጭራሽ የሌለ ኤፒአይ ፈጥረው በልበ ሙሉነት መጥራታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ውጤትን ለስኪማ፣ ማለትም አስቀድሞ ለተወሰነ የመረጃ ቅርጽ፣ የሚያስገዛ ስልት ሲያወጣ፣ በራሱ ፈተና አዲሱ ሞዴል 100 በመቶ ስኪማውን እንደጠበቀ፣ የቀድሞው ጂፒቲ-4 ግን 40 በመቶ እንኳ እንዳልደረሰ አስታውቋል። ስልቱ ሞዴሉ ቀጣዩን የጽሑፍ ቁራጭ በመረጠ ቁጥር ስኪማው የማይፈቅደውን ሁሉ ከምርጫው ያስወጣል። ስለዚህ ንጹሕ ጄሰን ዛሬ ስለ ሞዴሉ ማስተዋል የሚመሰክረው ነገር የለም፤ በእሱ መደነቅ ጤፍን በጆንያው አይቶ እንደ መግዛት ነው።

አዋቂ መዛኝ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ እሴት ከየት መጣ? ተቀባይነት ያላቸው ምንጮች ጠያቂው የተናገረው፣ ሰነዱ የሚለውና ቀድሞ የተደረገ ጥሪ የመለሰው ናቸው። ከእነዚህ ወደ አንዱ ሊመለስ የማይችል እሴት ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ስኪማን ያለ ችግር ያልፋል። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕ የክፍያ መጠንን የሚቀበለው በገንዘቡ የመጨረሻ ትንሽ አሃድ ነው፤ 1000 ብሎ መላክ 10 ዶላር ማለት ሲሆን፣ በጃፓን የን ሲሆን ግን ያው 1000 የን ነው። የኢትዮጵያው ቻፓ በበኩሉ መጠኑን በብር ይቀበላል። በስትራይፕ ምሳሌዎች የሠለጠነ ሞዴል «500 ብር አስከፍል» ሲባል በ100 አባዝቶ 50000 ቢጽፍ፣ ስኪማው የሚያየው ቁጥር መሆኑን ብቻ ነውና ዝም ይላል። የሰዓት ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቀጠሮ ያዝልኝ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው የሚፈልገው 08:00ን ነው፣ ያውም ከ+03:00 የሰዓት ቀጠና ጋር። 02:00 ብሎ የጻፈ ጥሪም በቅርጹ እንከን የለበትም፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ባለጉዳዩ ጠዋት ሲደርስ ነው።

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈውን ማየት ደግሞ የበለጠ ልምድ ይጠይቃል። ጊትሀብ የአንድን ፕሮጀክት ጉዳዮች ሲጠየቅ፣ ብዛት ካልተነገረው 30 ብቻ ይመልሳል፤ በአንድ ገጽ ቢበዛ 100 ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥም የኮድ ማዋሐጃ ጥያቄዎች ተቀላቅለው ይመጣሉ። ሞዴሉ ገጾቹን ሳያገላብጥ ቆጥሮ «30 ያልተፈቱ ጉዳዮች አሉ» ቢል ሰርቨሩ የመለሰው ያው 200 የተባለው የስኬት ኮድ ነው፣ ሁሉም ሰላም ይመስላል። በክፍያ ጥሪ ላይ ደግሞ ያው ክፍያ ሁለቴ እንዳይፈጸም የሚያግደውን ልዩ ቁልፍ ይፈልጉ፤ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ቁልፉ የሚፈጠረው ከድጋሚ ሙከራው ዙር ውጭ አንዴ ከሆነ ሥራውን ይሠራል፤ በዙሩ ውስጥ በየሙከራው አዲስ የሚፈጠር ከሆነ ጌጥ ነው። የገባውን ጸሐፊ ከኮራጁ ለመለየት እኔ ከዚህች አንድ መስመር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የፈተና ኮድ ይይዘዋል የሚሉ አሉ። ፈተናውን ማን ጻፈው? ያው ሞዴል በዚያው ግምት ከጻፈው፣ የሚያረጋግጠው 50000 በትክክል መላኩን ነው። ሌሎች ደግሞ ሰነዱን ከሰጠነው ግምት ይጠፋል ይላሉ፤ ይህ በግማሽ እውነት ነው። የኦፕንኤአይ የፓይተን ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የአጠራር ስልቱን ሲለውጥ፣ ከዚያ በፊት የሠለጠነ ሞዴል አዲሱን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም፤ አዲሱን ሰነድ ማቅረብ እንዲህ ያለውን ችግር ያቃልላል። ጠያቂው «2 ሰዓት» ብሎ ጠዋት ይሁን ማታ ሳይናገር ሲቀር ግን የትኛውም ሰነድ አይነግረውም፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ታዲያ በየመስመሩ የሚጠይቅ ሞዴል ማን ይታገሣል? ማንም፤ ሁሉን የሚጠይቅም ሁሉን ከሚገምተው አይሻልም። ልዩነቱ ያለው በሚያስከትለው ነገር ላይ ነው። መረጃ ብቻ የሚያነብ ጥሪ ቢሳሳት ይደገማል፤ ስለዚህ ግምቱን በግልጽ አስታውቆ ቢቀጥል ደህና ነው። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ወይም መዝገብ የሚሰርዝ ጥሪ ሁለት ፍቺ ካለው ግን ይቁም። የበርክሌዩ የጥሪ መመዘኛ ሠንጠረዥም ለሥራው የሚሆን ተግባር በሌለበት ጥያቄ አቅርቦ፣ ሞዴሉ ከመጥራት መታቀቡን ይፈትናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥሩ ውጤት ማለት ባዶ የጥሪ ዝርዝርና የጎደለውን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።