ሞረዱ መጨረሻ ላይ

ጊታሩ ጥዝዝ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ራሱ ሰጥቶ ነው የሚመጣው። «ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተደረደረው ብረት) ይሞረድልኝ» ይላል። ደቡብ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር በምሠራበት ዘመን የሀበሻ ሠርግ አጃቢውም፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ የኑባ ልጆችም የሚሉኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ብዙውን ጊታር የጠገንኩት ሞረድ ሳልነካ ነው። የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይበቅልም። ደቡብ ካርቱም ለሚኖር ጊታር ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ነገሩ ያለው አየሩ ላይ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሳ አቧራው በተዘጋ በር ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲመጣ አየሩ ይረጥባል። በዚያ ላይ ሙከይፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ አለ። ብዙ ቤት ያለው በውኃ የሚሠራው ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ አየር ሲነፋ ያድራል፤ መብራት ሲጠፋ ክፍሉ ወዲያው ይደርቃል። ጊታሩ ሙከይፉ ፊት ተሰቅሎ አድሮ፣ ማታ ደረቅ ሜዳ ላይ ወደተተከለ ድንኳን ይወሰዳል። አንገቱ እንጨት ነውና አብሮ ይንቀሳቀሳል። በደረቁ ወራት የአንገቱን ዳርና ዳር ስዳብስ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን ከወጋኝ፣ እንጨቱ ተሰብስቧል ማለት ነው፤ ብረቱ ስለማይሰበሰብ ጫፉ ይወጣል። ያኔ ከፍሬቱ በፊት አንገቱን እጠረጥራለሁ።

ምርመራውን የምጀምረው በባለቤቱ ክርና በባለቤቱ ቅኝት ነው። ግማሽ ድምፅ አውርዶ የሚጫወት ሰው ክሩ ስለሚላላ ሰፋ አድርጎ ይርገበገባል፤ እኔ ወጥሬ ብመረምረው ሕመሙ ይደበቅብኛል። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ እየተጫንኩ እመታለሁ። ረጅምና አሰልቺ ነው፤ የሚዘለል ግን አይደለም። ክሩ ሳይጫን ብቻ ከጠዘ፣ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የሚይዘው ነት መስመሩ ጠልቋል። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ድረስ ከጠዘ፣ አንገቱ ከልክ በላይ ቀጥ ብሏል ወይም ወደኋላ ለምጧል። ከ12ኛው በላይ ከሆነ፣ ክሩ በሚሸከመው ብሪጅ ላይ ዝቅ ብሏል። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ከፍ ብሏል፤ አለዚያም የተጫንኩት ራሱ ተበልቷል።

አንገቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (የክር መጫኛ መቆንጠጫ) አስሬ የመጨረሻውን በጣቴ ስጫን፣ ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል የፎቶ ኮፒ ወረቀት አስገባለሁ፤ አንዱ ሉህ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ተደርበው ካለፉና ሦስተኛው ክሩን ካነሳ ደህና ነው። አንዱም የማያልፍ ከሆነ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ትረስ ሮዱን፣ ወደ ግራ ሩብ ዙር አላላለሁ፤ እንደገና ቃኝቼ አሳድረዋለሁ። ሩብ ዙር ሲባል ያንሳል፤ ለእንጨት ግን ብዙ ነው። ቸኩሎ ሙሉ ዙር ያዞረ ሰው ብረቱን ሊበጥሰው ይችላል።

ካርቱም ለዚህ መሣሪያ እንግዳ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሸርሐቢል አሕመድ የሱዳንን ጃዝ ሲጫወት ባለቤቱ ዘኪያ አቡል ጋሲም ጊታር ትመታ ነበር። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አሮጌ ጊታር ብዙ አይቻለሁ። የእኛ የሀበሾችም የሱዳኖችም ዜማ አብዛኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ጣት የሚመላለሰው ባንድ አካባቢ ነው፤ ፍሬቱም እዚያው ይቦረቦራል፣ ጎረቤቱ ሳይነካ ይቀራል። ሦስት ፍሬት ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ ብረት ባሳርፍበት መሃሉ ከፍ ያለው ሲወዛወዝ ይታያል። እሱንም ቢሆን ወዲያው አልሞርደውም። በድርቀት ከመስመሩ የተነሳ ፍሬት ሱፐር ግሉ ጠብ ተደርጎበት በእንጨት ቁራጭ ሲጫኑት ይመለሳል። ካልተመለሰ አናቱን በማርከር አጠቁራለሁ፤ ሞረዱ ቀለሙን ከከፍታው ላይ ብቻ እስኪያነሳ እሞርዳለሁ፤ ከዚያ አናቱን እንደገና አሞላልላለሁ፤ ጠፍጣፋ ከቀረ ቅኝቱ ይበላሻል።

ጥዝዝታ ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። በገና ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁርጥራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚቀመጠው በትክክል እንዲጥዝ ነው፤ የመሣሪያው ክብር እዚያ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይም በአምፕሊፋየር የማይሰማ፣ ሳይሰካ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ጥዝዝታን እንዲተወው ባለቤቱን እመክራለሁ። እሱን ለማጥፋት ክሩን ከፍ ማድረግ ጣትን ያደክማል፤ በሠርግ ሌሊት ደግሞ የሚጎዳው ጣት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ በኋላ በመተማ ድንበር የገቡ ጊታሮች አሁን በምሠራበት አዲስ አበባም እጄ ይገባሉ። ካርቱም ከባሕር ወለል 380 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ብርድና ክረምት ነው። እንዲህ ያለ ጊታር ሲመጣ ክሩን ቀይሬ፣ ቃኝቼ፣ «ሁለት ሳምንት ሰቅለህ አቆየውና ተመለስ» እላለሁ። ያኔም ከጠዘ ወረቀቱን አወጣለሁ፤ ማርከሩ ከዚያ በኋላ ነው።