ሁለት ባላ ወይስ ከሁለት ያጣ ጎመን?

አማርኛችን ሁለት ሙያ ስለመያዝ ሁለት ተቃራኒ ነገር ይነግረናል። አንዱ ተረት «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ይላል። ሌላው ደግሞ ወዲያም ወዲህም ብሎ አንዱንም ያልጨበጠውን ሰው «ከሁለት ያጣ ጎመን» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የትኛው መቼ እንደሚሠራ ግን ተረቱ አይነግረንም። እኔ ጥያቄው በደንብ ተፍታቶ ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ቦታ፣ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ የሕግ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ፊልም ወይም ስለ ልቦለድ ሳይሆን ስለ አንድ የጨዋታ ሕግ ሒስ እጽፋለሁ። አትሳቁብኝ፣ ጉዳዩ የእኛው ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)። እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ከዘበኛው ጋር እደራደራለሁ» እያሉ ይጫወታሉ። ነገሩ ሲያጠራጥር ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ይጣላል። ራውዳ ውስጥ ዓርብ ማታ የምንጫወተው አምስት ሰዎች ዳይሱን የምንጥለው በስልክ ነው፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንዱ እያነበበ ለሌላው ያስረዳል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሙያ አለው፦ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን፣ ሌባ እያለ ይቀጥላል። ልምድ ሲያከማች ደረጃው ከፍ ይላል፤ አሁን በሚሠራው ሕግ ከ1 እስከ 20።

ታዲያ ተዋጊው «አስማትም ልማር» ቢልስ? ጨዋታው ለዚህ ጥያቄ በ50 ዓመት ውስጥ ደጋግሞ የተለያየ መልስ ሰጥቷል፤ ሒሴም በእነዚህ መልሶች ላይ ነው።

በ1974ቱ ሕግ ኤልፍ የተባለው ፍጡር ዛሬ ተዋጊ፣ በሚቀጥለው ጀብዱ አስማተኛ ሆኖ መውጣት ይችል ነበር። በ1978 የወጣው መጽሐፍ ግን ሰውንና ሌላውን ፍጡር ለያየ። ኤልፍ ሁለቱን ሙያ ጎን ለጎን ይይዛል፤ ያገኘው የልምድ ነጥብ ለሁለት ይከፈላል። ሰው ለሆነ ገጸ ባሕርይ ግን እንዲህ አልተፈቀደም። ሰው ሙያ መቀየር ከፈለገ በቀድሞው ሙያ ዋና ችሎታ ቢያንስ 15፣ በአዲሱ 17 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ የቀድሞውን ትቶ አዲሱን ከደረጃ 1 ይጀምራል፤ ወደ ቀድሞው ተመልሶ ማደግ አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኸ ነው፦ አዲሱ ደረጃ የድሮውን እስኪያልፍ ድረስ የድሮ ችሎታውን ከተጠቀመ የልምድ ነጥቡን ያጣል። ስምንት ደረጃ የወጣ ተዋጊ አስማት ሊማር ሲጀምር ሰይፉን መዘዘ ማለት ትምህርቱ ባከነ ማለት ነው።

ይህን ሕግ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዱ «ይኸ እኮ ኢቃማ ነው» አለ። ልክ ነው። ኢቃማችን ላይ የተጻፈው አንድ ሙያ ነው። አገሩ ላይ ሒሳብ ያስተማረ ሰው እዚህ «ሳኢቅ ኻስ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ነርስ የነበረችው «ዓሚላ መንዚሊያ» ትባላለች። ከተመዘገቡበት ሙያ ውጭ መሥራት ደግሞ ያስቀጣል። በማርች 2021 ተግባራዊ የሆነው የሥራ ማሻሻያ ሠራተኛ በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ያለ አሠሪው ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ እንዲዛወር በር ከፍቷል፤ የቤት ሠራተኛንና የቤት ሹፌርን ግን አላካተተም። እንግዲህ የ1978ቱ ሕግ እንደ ፍትሕ ከታየ መጥፎ ነው፣ እንደ ስደት ሥዕል ከታየ ግን ቁርጥ እኛን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ በጨዋታው አዲሱ ደረጃ የድሮውን ሲያልፍ ሁለቱም ችሎታ ባንድ ላይ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ያ ቀን በደንብ አልተጻፈም።

በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ደረጃ በጨመርህ ቁጥር የፈለግኸውን ሙያ ምረጥ አለ። ግን ሙያዎችህ ከአንድ ደረጃ በላይ ከተበላለጡ የልምድ ነጥብህ በመቶ 20 ይቀነሳል፤ ሰው ለሆነ ገጸ ባሕርይ ከሁሉ የበለጠው ሙያው ከዚህ ስሌት ነፃ ነው። ነፃነቱን ወደድሁት፣ ቅጣቱን አልወደድሁትም። ሰው ዋና ሥራና የጎን ሥራ አለው፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ብሎ መቅጣት ኑሮን አለማወቅ ነው።

የ2014ቱ አምስተኛ እትም ቅጣቱን አነሳው። አዲስ ሙያ ለመጨመር በያዝኸውም በምትጨምረውም ሙያ ዋና ችሎታ 13 ነጥብ ይበቃል። ከሁሉ የወደድሁት የብቃት ጭማሪ የሚሉት ነው፦ የሚቆጠረው በአንዱ ሙያ ደረጃ ሳይሆን በጠቅላላው ደረጃህ ነው። ሦስት ደረጃ ተዋጊ፣ ሦስት ደረጃ አስማተኛ ከሆንህ ስድስት ደረጃ የኖረ ሰው ነህ። ያለፈው ዘመንህ አልተሰረዘም። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

ግን ይህም ሕግ ዋጋ ያስከፍላል። ተዋጊ አምስተኛ ደረጃ ሲደርስ ባንድ ተራ ሁለቴ መምታት ይችላል፤ አስማተኛም አምስተኛ ላይ እሳት የሚያፈነዳውን ትልቅ አስማት ይከፍታል። ሦስትና ሦስት ብሎ የከፈለው ሰውዬ ስድስተኛ ደረጃ ደርሶም ሁለቱንም የለውም። ጓደኞቹ ጠላት ሲጥሉ እሱ ከዳር ቆሞ ያያል። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኸ ነው፣ በቁጥር ተጽፎ። እኛ ጋ የሱቅ ሠራተኛው ይህን መንገድ መረጠና ለብዙ ሳምንት ተነጫነጨ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ተዋጊነቱን አምስት ካደረሰ በኋላ ነው አስማት የጀመረው፤ እሱ ዘንድ ሁለተኛው ባላ በእርግጥ ባላ ሆነለት። ሕጉ የሚሸልመው ብዙ መጀመርን ሳይሆን አንዱን ፍሬ ከሚሰጥበት ደረጃ አድርሶ ሌላውን መጨመርን ነው።

አሁን ሕጉን የምነቅፍበት ላይ ደረስሁ። በአምስተኛው እትም ተዋጊው ማታ ተኝቶ ጠዋት አስማተኛ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። ማን አስተማረው? የት ተማረ? መጽሐፉ አያስገድድም። አገራችን ይህን በሌላ መንገድ ነው የሠራችው። የቆሎ ተማሪ ድጓ ለመማር ቤተልሔም ይወርዳል፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይሄዳል፣ ለቅኔ ዋሸራን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ሙያ መምህር አለው፣ ቦታ አለው፣ የሚበላው ዘመን አለው። ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን አራቱንም ጉባኤ የዘለቀው «አራት ዓይና» ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ ዓይን ተጨመረለት እንጂ የድሮው ዓይኑ አልጠፋም። እኛም በዚህ መንፈስ አንድ የራሳችን ሕግ ጨምረናል፦ አዲስ ሙያ የሚፈልግ በታሪኩ ውስጥ አስተማሪ ፈልጎ ያግኝ፣ ለአስተማሪውም የሆነ ነገር ይክፈል። ጨዋታው ቀርፋፋ ሆነ፣ ግን ሙያው ክብር አገኘ።

ሌላው የሕጉ ጉድለት የሚታየው እዚህ ለምንኖር ሰዎች ነው። መጽሐፎቹ ሁሉ ሙያ መደራረብን እንደ ምርጫ ያዩታል። በምንሠራበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ምርጫ አይደለም። ለጽዳት የመጣችው እህታችን በሳምንቱ ምግብ አብሳይ ናት፣ በወሩ ሞግዚት ናት፣ አያትየው ሲታመሙ አስታማሚ ናት። አራት ሙያ፣ አንድ ደመወዝ። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ከአስገዳጅ ሁኔታ በቀር ከተስማሙበት ሥራ ውጭ ማሠራትን ይከለክላል፤ መዳም ግን ሁሌም አስገዳጅ ሁኔታ አታጣም። በጨዋታው ግን ያለ ደረጃ ሙያ አይጨመርም፤ እያንዳንዱ አዲስ ሙያ የሚመጣው ደረጃ ሲጨመር ብቻ ነው፣ ወረቀትህም ላይ ይጻፋል። መለኪያው ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ደረጃ ሳይጨመርልህ የተጨመረብህ ሙያ ሙያ አይደለም፣ ጭነት ነው።

ጭነቱንም ቢሆን ወደ ሙያ መለወጥ አይቻልም ማለቴ አይደለም። የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሥራ የሚወጣ ሰው በሙያው የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ይጠይቃል። ወረቀቱ ከመውጣት በፊት ብቻ ሳይሆን ከመመለስ በኋላም ይፈለጋል። አረጋዊ ያስታመመች፣ ለሃያ እንግዳ ያበሰለች ሴት አገሯ ስትገባ ይህን የሚመዝንላት፣ የሚጽፍላት ያስፈልጋታል። ካልተጻፈ አምስት ዓመት ሠርታም «ምን ትችያለሽ?» ሲሏት ዝም ትላለች።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸ ነው። ከሕጎቹ ሁሉ የ2014ቱ ይሻላል፤ መግቢያው በችሎታ ነው፣ ያለፈውን ዘመን ይቆጥራል፣ ያጋደለውን አይቀጣም። የጎደለው መምህር ነው፤ እሱን ተጫዋቹ ይሙላው። አንባቢዬም ከደመወዝህ ቀንሰህ የስልክ ጥገና ኮርስ ልትጀምር ካሰብህ፣ አንቺም ስፌት ልትጨምሪ ካሰብሽ፣ መጀመሪያ የያዛችሁት ሙያ ሁለቴ የሚመታበት ደረጃ ደርሷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከደረሰ ሁለተኛውን ባላ ትከሉ። ካልደረሰ አንድ ዓመት ጨምሩበት፤ ጎመኑ ይብሰል።