«ተገኘ» ማለት «ከልክ አለፈ» ማለት አይደለም

በአገራችን በእንስሳት መድኃኒት ቅሪት ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል፣ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ዘይትና በናዝሬት ቄራዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ደጋግሞ ይጠቀሳል። ከተመረመሩት 384 የሥጋና የኩላሊት ናሙናዎች በ71.3 በመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን መገኘቱን አመልክቷል። ጥናቱ በቂ ትኩረት ያላገኘን ጉዳይ በቁጥር በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። የሚነቀፈው አጠቃቀሱ ነው።

በመጀመሪያ፣ የኮዴክስ ከፍተኛ ልክ ለከብት ሥጋ በኪሎ ግራም 200፣ ለኩላሊት 1,200 ማይክሮ ግራም ነው። በሦስቱ ቄራዎች የተገኘው የሥጋ አማካይ መጠን በቅደም ተከተል 108.34፣ 15.92 እና 64.85 ነበር። እርግጥ አማካይ ከልክ ያለፉ ናሙናዎችን ሊሸሽግ ይችላል፤ ሆኖም 71.3 በመቶውን በሙሉ «የተበከለ» ማለት ስሕተት ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ውጤቱ የመካከለኛው ኢትዮጵያ ነው። ስለ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ጎዛምን ወይም ስለ ጮቄ ግርጌ ወተት ምንም አይናገርም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ነው። በአንድ ሊትር ወተት 5 ማይክሮ ግራም ፔኒሲሊን አለ እንበል፤ የኮዴክስ ልክ 4 ነው። በማጣሪያው ሂደት 40 በመቶው ቢባክን መሣሪያው 3 ያነባል፤ ወተቱም ያልፋል። መፍትሔው ሰባት ዲዩቴሪየም የያዘ ፔኒሲሊን ከሥራው መጀመሪያ በታወቀ መጠን መጨመር ነው። ጨረር የለውም፤ በጠባዩ ከተራው ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ግን በክብደቱ ይለየዋል። ሁለቱም በእኩል ስለሚባክኑ ንጽጽራቸው አይዛባም፤ ስሌቱም ወደ 5 ይመለሳል። ለሰልፋሜታዚንም ስድስት ካርቦን 13 የያዘ ማመሳከሪያ አለ።

ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ማመሳከሪያው ውድ ነው፤ በውስጡ ምልክት የሌለው መድኃኒት ከተቀላቀለ ንጹሑን ወተት ያስወነጅላል፤ ዲዩቴሪየም በማይጸና ቦታ ከተተካ በሃይድሮጅን ሊለወጥ ይችላል፤ ከሕዋስ ጋር የተጣበቀውን ቅሪትም አይተካም። ስለዚህ በየወረዳው ይኑር ማለት አይቻልም። በባክቴርያ እድገት መገታት ላይ የተመሠረተው ርካሽ ምርመራ ለልየታ ይበቃል። ነገር ግን የጡት በሽታ ባለባት ላም ወተት ውስጥ የሚገኙ ተፈጥሯዊ ገቺዎች ሊያሳስቱት ስለሚችሉ፣ አጠራጣሪው ናሙና ብቻ ለማረጋገጫ ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ሊላክ ይገባል።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ያልተረጋገጠ ቁጥር በአንድ በኩል የገበሬውን ወተት ያስደፋል፤ በሌላ በኩል ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ሕመምተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይተዋል። በመሆኑም የጤና ባለሙያው አንድን የቅሪት ጥናት ከመጥቀሱ በፊት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል፦ ናሙናው ከየት መጣ? ከየትኛው ልክ ጋር ተነጻጸረ? ብክነቱስ በምን ታረመ? መልሱ እስኪገኝ ድረስ ላሟ በታከመች ጊዜ የመታቀቢያው ቀን እስኪያልቅ ወተቷ እንዳይጠጣ መምከር ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያደርገው የሚችል ነው።