ቀላል ዴስክቶፕ የሚፈተነው በፊደል ነው

የጥገና ቤት ልጆች አንድን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ሲያመሰግኑ የሚጠሩት አንድ ቁጥር ብቻ ሆኗል፤ «ሲነሳ 400 ሜጋባይት ራም ብቻ ነው የሚይዘው» ይላሉ። ደንበኛውም በአድናቆት ራሱን ነቅንቆ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሥራ ያልተጀመረበት ዴስክቶፕ የሚይዘው ራም ስለ ሥራው ምንም አይናገርም። ፋየርፎክስ ጥቂት ገጾች ሲከፈቱበት ብቻውን ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ በሁለት ዴስክቶፖች መካከል የነበረው የመቶ ምናምን ሜጋባይት ልዩነት ያኔ ከቁም ነገር አይገባም።

የቀላል ዴስክቶፕ ምርጫዎች የታወቁ ናቸው። ኤክስኤፍሲኢን ኦሊቪዬ ፉርዳን እ.ኤ.አ. በ1996 ጀመረው፤ ዛሬም ለአሮጌ ላፕቶፕ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው። ማቴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ግኖም 3 የድሮውን አሠራር ሲተው፣ ግኖም 2ን የወደዱ ሰዎች ኮዱን ይዘው ስለቀጠሉ ነው። ኤልኤክስኪውት የኤልኤክስዲኢና የሬዘርኪውት ሰዎች ተጣምረው የሠሩት ሲሆን፣ ሉቡንቱ ከ18.10 እትሙ ጀምሮ ይዞት ይመጣል። 2 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ኤልኤክስኪውት፣ 4 ላለው ኤክስኤፍሲኢ። መስኮት ብቻ የሚያስተዳድረውን ኦፕንቦክስን ብቻውን ጭኖ ለደንበኛ ማስረከብ ነውር ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ከሁሉም በላይ እንደሚያፈጥን የማያውቅ ባለሙያ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን ባያነበው ይሻለዋል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ዴስክቶፕ በደንብ መገጣጠሙን የሚያሳየው አማርኛ ሲጻፍበት ነው። ቀላል ዴስክቶፕ ከየቦታው የተሰበሰበ ነው፤ መስኮቱን የሚይዘው አንድ ፕሮግራም፣ ፓናሉ ሌላ፣ ስክሪኑን የሚቆልፈው ደግሞ ሌላ። እነዚህ እርስ በርስ ይተዋወቁ አይተዋወቁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ አይታወቅም። በፊደላችን ስትጽፉ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ፋይል ማኔጀሩን ክፈቱና የአንድ ፋይል ስም ቀይሩ። አማርኛ የሚያስጽፈው አይባስ የተባለው ፕሮግራም ተጭኖ በድምፅ ስትጽፉ፣ «ኤስ»ን ስትነኩ ስ ትመጣለች፤ «ኢ»ን ስታስከትሉ ያቺው ፊደል ሰ ትሆናለች። በደንብ በተሠራ ዴስክቶፕ ላይ ይህ ለውጥ እዚያው ስሙ ውስጥ፣ ከሥሩ ቀጭን መስመር ተሰምሮበት ይታያል። በተዝረከረከው ላይ ፊደሏ ከስሙ ውጭ በምትወጣ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥላ ትቆያለች፤ ሌላ ቦታ ክሊክ ስታደርጉ የመጨረሻዋ ትጠፋለች። «ሰላም» ብላችሁ የጻፋችሁት ፋይል «ሰላ» ተብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ከሳምንት በኋላ ሲፈልገው አያገኘውም፤ ጥፋቱንም የራሱ ያደርገዋል።

አንድ ቦታ ሠራ ብላችሁ አትመኑ። ቀጥሎ ሊብሬ ኦፊስን፣ ተርሚናሉን፣ የቪኤልሲን የመፈለጊያ ሳጥን በተራ ሞክሩ። በጂቲኬና በኪውት በሚባሉት የመስኮት መሥሪያዎች የተሠሩ ፕሮግራሞች አይባስን የሚያገኙት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ ለአንዱ ተነግሮት ለሌላው ካልተነገረው፣ ፋየርፎክስ ላይ አማርኛ እየጻፋችሁ ፋይል ማኔጀሩ ላይ ላቲን ብቻ ይወጣል። ትልልቆቹ ዴስክቶፖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። በቀላሎቹ ላይ ግን ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ የጫኚው ድርሻ ነው፤ ሰነፍ ጫኚም የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው ፈተና መቆለፊያው ነው። የአማርኛ የኪቦርድ አቀማመጥ መርጣችሁ ስክሪኑን ቆልፉ፣ ከዚያ ፓስወርዳችሁን አስገቡ። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ምልክት ከሌለ ሰውየው ትክክለኛውን ፓስወርድ ደጋግሞ እየመታ «ተሳስተሃል» ይባላል። በዚህ ብቻ ተበላሸ ተብለው የመጡ ላፕቶፖች አይቻለሁ፤ ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ እንደገና የተጫነባቸውም ነበሩ። ፓናሉም መቆለፊያውም የኪቦርዱን ቋንቋ ካላሳዩ ሥራው አላለቀም፣ ገንዘብ አይከፈልበትም። የኤክስኤፍሲኢ የኪቦርድ ምልክት ቋንቋውን ለሁሉም በአንድነት፣ ለየፕሮግራሙ ወይም ለየመስኮቱ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ለቢሮ ሰው ለየመስኮቱ ነው፤ ደብዳቤው በአማርኛ እንደቆመ ብሮውዘሩ በእንግሊዝኛ ይቆይለታል።

ይህን በፊደል የመፈተን ልማድ ያስያዘኝ አራት ኪሎ አካባቢ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። የአማርኛ ታይፕራይተር ሲጠግን ኖሮ ወደ ኮምፒውተር የገባ ነው፤ ኡቡንቱ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ በነበረበት ዘመን እየተቀበለ ይጭን ነበር። ማሽን ከማስረከቡ በፊት ደንበኛውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጠውና ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ በፋይል ስም ያስጽፈዋል። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳና ፋይሉን ፈልጎ እንዲከፍተው ያዘዋል። አንዲት ፊደል ከጎደለች ሒሳብ አይቀበልም፣ «ነገ ተመለስ» ይላል። አጠገቡ አንዲት የጽሕፈት ባለሙያ ትሠራ ነበር፤ አዲስ የጫነውን ሁሉ መጀመሪያ ለእሷ ይሰጣታል። ጣቷ እጅግ ፈጣን ስለነበር፣ ዴስክቶፑ ዘግይቶ ፊደል የሚያስቀር ከሆነ ገና አንቀጹን ሳትጨርስ ትይዘዋለች። ስለ ራም ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

አሁን ደግሞ ነገሩ እንደገና እየተለወጠ ነው። ቀላሎቹ ዴስክቶፖች መስኮቶችን ስክሪን ላይ ከሚያሳየው ከድሮው ሥርዓት ከኤክስ ወደ አዲሱ ዌይላንድ እየተሻገሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የወጣው ኤክስኤፍሲኢ 4.20 ዌይላንድን ለሙከራ ያህል ይዞ መጥቷል። የኪቦርድ ቋንቋ የሚያዝበት መንገድ በሁለቱ ላይ አንድ አይደለም፤ በኤክስ ላይ ያስተካከላችሁት ነገር ዌይላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ለደንበኛ ዌይላንድ ከመክፈታችሁ በፊት ከፋይሉ ስም ጀምራችሁ እስከ መቆለፊያው ድረስ እንደገና ፈትኑት፤ አንዱ ላይ ከወደቀ ማሽኑን በኤክስ አስረክቡ።