የሚስዮናዊው ማስታወሻና የአያቶቻችን ደጃፍ

ባለፈው ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለት መጻሕፍት ፎቶ ኮፒ አድርጋ ወደ አያቷ ቤት ሄደች። አንደኛው ሚስዮናዊው ሄንሪ አሮን ስተርን በፈላሾች መካከል ስላደረገው ጉዞ ጽፎ በ1862 ሎንዶን ላይ ያሳተመው ነው። ሁለተኛው የዮሐን ማርቲን ፍላድ፣ ከጀርመንኛ ተተርጉሞ በ1869 በእንግሊዝኛ የወጣው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም የምንጠቅሰው የመጽሐፎቹ ርእስ ስለሆነ ብቻ ነው።) ልጅቱ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበች፤ አያትየው በዝምታ አዳመጡ። በመጨረሻ «ይህ ሰውዬ ከደጅ ቆሞ ነው ያየን» አሉ። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር።

ስለ እነዚህ መጻሕፍት ምሁራን ብዙ ገጽ ጽፈዋል። ከዚያች ቃል የተሻለ ሒስ ግን አላጋጠመኝም፤ ለዚህም ነው ዛሬ ለአንባብያን ስለ መጻሕፍቱ ለመጻፍ የተነሣሁት። ልጆቻችን ስለ ሃይማኖታችን በሚያዘጋጁት የጥናት ወረቀት ላይ የእናቶቻቸውን ቃል ትተው ስተርንንና ፍላድን ምስክር ሲያደርጉ እያየን ነውና።

ለመሆኑ ሰዎቹ እነማን ነበሩ? ፍላድ በ1831 ጀርመን አገር ተወልዶ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ሠለጠነ። ትምህርት ቤቱን በ1840 ያቋቋመው ሽፒትለር ሲሆን ሐሳቡም የእጅ ሙያ ያላቸው ወጣቶች ሩቅ አገር ሄደው በላባቸው እየኖሩ ወንጌል እንዲሰብኩ ነበር። ፍላድ በ1855 ከክራፕፍ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ሲገባ ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበር። የላካቸው ደግሞ በኢየሩሳሌም ተቀማጭ የነበረው ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። አባቶቻችን ዘመናቸውን ሁሉ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው ሲጸልዩ ኖሩ፤ ከኢየሩሳሌም ተልኮ ደጃቸው የደረሰው ሰው ግን የክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ ተገኘ። ስተርንም ቢሆን አይሁዳዊ ሆኖ ተወልዶ ወደ ክርስትና የገባ ሰው ነው፤ እሱ በ1860 ከሎንዶን ማኅበር ተልኮ መጣ።

ስለ ዕለት ኑሮ የሚናገረው ጽሑፋቸው ሀብታም ነው። በቅሎ፣ ድንኳን፣ ንዳድ፣ ከሁሉም በላይ ደጅ ጥናት። ያለ ንጉሡ ፈቃድ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። አፄ ቴዎድሮስ ሲፈቅዱም የሚጠመቅ ሁሉ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ይጠመቅ ብለው ነው። እንዲያውም ንጉሡ ከስብከቱ ይልቅ የፈለጉት ሙያውን ነበር። ከክሪሾና የመጡት ወጣቶች ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀምጠው መንገድ ሠሩ፣ ኋላም መድፍ አቀለጡ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን የሠሩት ወንጌል ይዘው የመጡ እጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ዋልድማየር በ1886 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ስለዚያ ኑሮ ተርኳል። ለንጉሥ ቀጥቅጦና ገንብቶ ማደር ምን እንደሆነ አባቶቻችን ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ ይህን ክፍል ስናነብ ለወጣቶቹ ትንሽ ማዘናችን አልቀረም።

በስተርንና በፍላድ መካከል እኔ ፍላድን እመርጣለሁ። ስተርን መጽሐፉን የጻፈው ገንዘብ ለሚያዋጡት ለሎንዶን ምእመናን ነው፤ ቋንቋው ያጌጠና የከበደ ነው፤ ፍርዱም ፈጣን ነው። ፈጣን ፍርድ እሱን ራሱን ጎድቶታል። ስለ ቴዎድሮስ እናት ኮሶ ሻጭነት የጻፈው ነገር ንጉሡ ጆሮ ደርሶ፣ በ1863 ከታሰረ በኋላ ነፃ የወጣው የእንግሊዝ ጦር መቅደላ በደረሰበት በሚያዝያ 1868 ነው። ፍላድ ግን ኖሮ ያየ ሰው ነው። በ1866 ቴዎድሮስ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ሎንዶን ሲልኩት ሚስቱና ልጆቹ በመያዣነት ቀርተው ነበር፤ እሱም ተመልሶ መጣ። ብዕሩ ደረቅ ቢሆንም የሚቸኩል አይደለም።

ሁለቱም ግን ከደጅ አላለፉም። ይህን የምለው በምሳሌ አይደለም። የአትንኩኝን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል፦ የውጭ ሰው የነካ ሳይታጠብ ወደ ቤቱ አይገባም፤ መንደሮቻችን ወንዝ አጠገብ የሚቆረቆሩትም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሚስዮናዊው ይህን እንደ ባዶ ወግ ቈጠረው። እናቶቻችን ከገበያ ሲመለሱ በብርዱ ወንዝ የሚገቡት ግን ቤቱን ቤት አድርጎ ያቆየው እሱ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። እንግዳው እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ያለችው ሴት ምን እንዳሰበች መጽሐፉ አይነግረንም፤ ሊነግረንም አይችልም።

ስለዚህ ከደጅ የሚታየውን እንመነው። ስተርን የቤተ እስራኤልን መንደር ከሩቅ የሚያስለየው በመስጊዱ ጉልላት ላይ ያለው ቀይ የሸክላ ዕቃ መሆኑን ጽፏል፤ ይህ የአይን ምስክርነት ነው። እርሻ፣ ቀጥቃጭነት፣ ሸማኔነትና ሸክላ ሥራ ኑሯቸው መሆኑንም መዝግቧል። ንግድን የሚሸሹት ከኦሪት ጋር አይስማማም ብለው ነው ሲል ግን ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ ይህ ያየው ሳይሆን በአስተርጓሚ የሰማው ወይም የገመተው ነውና።

ከባዱ ነገር የክርክሩ ነው። በ1840 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሞ ነበር፤ የተረጎመውም አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ ነው። ሚስዮናውያኑ ይህን መጽሐፍ ይዘው በግዕዝ ኦሪት ወደሚጸልዩት ካህናት መጡ። ከኢየሩሳሌም ውጭ መሥዋዕት ለምን ታቀርባላችሁ? ምንኩስና በኦሪት የት ተጽፏል? አሉ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም፤ በመጽሐፉም ብዙ ወጣቶች ንባብ ተምረውበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ1862 ንጉሡ ፊት ክርክር ተደረገ፤ ማን እንደ ረታ ግን የእነሱ ጽሑፍና የሽማግሌዎቻችን ትረካ አይስማሙም። በዚያው ዓመት አባ ማሃሪ ሕዝቡን አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ፤ ብዙዎች ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ለዚያ ጉዞ ምክንያቱ የሚስዮኑ ስብከት ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ሚስዮናዊው የዕለት ማስታወሻውን በሚጽፍባቸው ወራት ጎረቤቱ ቤቱን ጥሎ እየሄደ ነበር።

ስብከቱ የተወው ጥርጣሬም አለ። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ ከፓሪስ ተልኮ ሲመጣ፣ እኔም እንደናንተ ነኝ ቢላቸው አላመኑትም፤ ነጭ ሁሉ ሚስዮናዊ ሆኖባቸው ነበር። ፊታቸው የተፈታው የኢየሩሳሌምን ስም ሲያነሣ ነው።

ከ1868 በኋላ የውጭ ሰባኪዎች ተመልሰው ሊቀመጡ አልቻሉም። ሥራው ፍላድ ባሳደገው በሚካኤል አረጋዊና በመሰሎቹ የአገር ልጆች እጅ ቀጠለ፤ ፍላድም ከሩቅ ይመራ ነበር። እዚህ ላይ ነገሩ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤታችን ይገባል። ላኪው ማኅበር የሚጠይቀው ስንት ሰው ተጠመቀ ብሎ ነው። ጸሐፊው ይህን ሲመዘግብ፣ የተጠመቀው ሰው አርብ ማታ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከደጅ ሆኖ አያየውም፤ ቢያይም የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። ከ1991 የሰሎሞን ዘመቻ በኋላ ዘመዶቻቸው ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩባቸው ቤተሰቦች ስለ ቅድመ አያታቸው ጥምቀት ሲጠየቁ ኖረዋል። ተመራማሪዎቻችን የሚስዮኑን ቍጥር ሲጠቅሱ ማን ለማን እንደ ቈጠረው አብረው እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።

ያን ዕለት ልጅቱ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨርሳ ወደ ስተርን ተመለሰችና ስለ ቀዩ የሸክላ ዕቃ የጻፈውን አነበበች። አያትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«እውነት ነው፣ የእኛም መስጊድ ላይ ነበር» አሉ። «ማን እንደ ሠራችው ጽፏል?»

ልጅቱ ገጹን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጠች። «የለም፣ እማማ።»

«በይ ወረቀት አምጪ» አሏት።