ባዶ ያልሆነ ባልዲ

አዲሱ ረዳቴ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ከአንድ ግቢ መዋኛ ገንዳ የነቀልነውን አሮጌ ፓምፕና ፊልተር እያየ «ጋሼ፣ ዝም ብለን ለቆራሌው ብንሸጠውስ?» አለኝ። የሙያ ጓደኞቼም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በር ከፍቶ በጅምላ ማስረከብ። እኔ ግን በዚህ ነገር ግትር ነኝ።

በፓምፑ ብዙ አልከራከርም። ካፓሲተሩ መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ፣ እሱን አስተንፍሰን ከነቀልነው የቀረውን የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ ያውቅበታል። መዳቡን ከብረቱ የሚለይ እጅ እዚያ ሞልቷል። (ሽቦ አቃጥለው መዳብ የሚያወጡት ግን አይጥሙኝም።) የፋይበርግላሱን የፊልተር ጋን ማንም አይፈልገውም፤ አንዱን አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ቆርጬ ለእናቴ የአበባ መደብ አድርጌላታለሁ።

የእኔ ጠብ ክሎሪኑ ከሚመጣበት ባልዲ ጋር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ክዳኑ ጥርቅም የሚል ባልዲ ንብረት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ዘበኛ ቤት ቡና ተጠርቼ ገባሁ። ጀበናው የተሞላው ከየት እንደሆነ ሳይ፣ ባለፈው ዓመት «ባዶ ነው» ብዬ አጥር ጥግ የተውኩት የራሴ ባልዲ! ቡናውን ጠጣሁ፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ባዶ እንዳልሆነማ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሙያውን ስጀምር የዱቄቱን ትራፊ ከክኒኑ ስብርባሪ ጋር በእርጥብ መጥረጊያ ጠርጌ አንድ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ሁለቱም ክሎሪን አይደል? ዱቄቱ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት፣ ክኒኑ ትራይክሎር ነው። ሲገናኙ፣ በተለይ እርጥበት ሲነካቸው፣ ይግላሉ፤ መርዛም ጋዝ ይተፋሉ፤ እሳትም ያስነሳሉ። የእኔው መጨስ ጀመረ። አለቃዬ በአንገትጌዬ ጎትቶ አወጣኝ። ሦስት ቀን ሳልኩ። አንድም ቃል አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅ ሆነን ግዮን ሆቴል ለመዋኘት ሳንቲም ስናጠራቅም፣ የክሎሪን ሽታ ለእኔ የቅዳሜ ሽታ ነበር። ባልዲው ከጨሰበት ቀን ወዲህ ግን ሲሸተኝ መጀመሪያ በሩ የት እንዳለ ነው የማየው።

አሁን ደህናውን ትራፊ ገንዳው ላይ እጨርሰዋለሁ፤ ክሎሪንን ከመጣል መጠቀሙ ይሻላል። ባልዲውን በብዙ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ፤ እጣቢውም ወደዚያው ገንዳ ይመለሳል። ከዚያ ታቹን በመሰርሰሪያ ሦስት ቦታ እበሳዋለሁ።

ረዳቴ ስለ ቆራሌው የጠየቀኝ ቀን መሰርሰሪያውን ለእሱ ሰጠሁት። የግቢው ዘበኛ እየሮጡ መጡ። «ኧረ ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ባልዲ!» ለዚህ ብዬ መኪናዬ ውስጥ የማላጣውን የዘይት ቢጫ ጀሪካን አወረድኩላቸው። ተቀበሉኝ፤ የተበሳውንም አነሱና አገላብጠው አዩት።

«ለአበባ ይሆናል» ብለው ሁለቱንም ይዘው ገቡ።